ግሪንስቴድ፦ በቁሙ ከተተከለ ግንድ የታነጸች ቤተ ክርስቲያን

አናጺ ነኝ። ለንደን ከገባሁ ጀምሮ የምሠራው በር፣ መስኮትና ደረጃ ነው፤ በዕረፍት ቀኔም ቢሆን ያረጀ እንጨት ሳይ እጄን ሳላሳርፍበት አላልፍም። ግሪንስቴድ የምትባለውን ቤተ ክርስቲያን መጀመሪያ የነገሩኝ አብረውኝ ይሠሩ የነበሩ አንድ አዛውንት እንግሊዛዊ አናጺ ናቸው። «ግድግዳዋ የኦክ ግንድ ነው፤ ግንዱ ደግሞ አልተጋደመም፣ ቆሟል» አሉኝ። «ቆሟል» ያሉት ቃል ከውስጤ አልወጣም። የኖርዲክ አገሮችንና የሩሲያን የግንድ ቤቶች በፎቶ አይቻለሁ፤ አብዛኞቹ ግንዱን አጋድመው አንዱን በአንዱ ላይ እየደረደሩ የሠሯቸው ናቸው። ግንድን ሰንጥቆ፣ በቁሙ ጎን ለጎን ተክሎ ግድግዳ ማድረግ የማውቀው በእኛ አገር ነው።

ጎጃም፣ በእናቴ አገር የነበረው ቤተ ክርስቲያን እንዲህ ነበር። ክብ ነው፤ ለሁለት የተሰነጠቀ የጽድ ቋሚ ዙሪያውን ተተክሎ፣ በማገር ታስሮ፣ ጭቃ ተመርጎበት። ዐፀዱ ከሩቅ ሲታይ ጥቁር ደን ነው፤ ውስጡ ካልገቡ ቤተ ክርስቲያን መኖሩም አይታወቅም። ልጅ ሳለሁ፣ ቅዳሴው ሲረዝምብኝ፣ ጭቃው በተቀረፈበት በኩል ጣቴን አስገብቼ እንጨቱን እዳብስ ነበር። ያ ቤተ ክርስቲያን አሁን የለም። ከዐሥራ አንድ ዓመት በፊት ፈርሶ በብሎኬት ተሠራ። ለአዲሱ ሕንፃ ውጭ አገር ካለነው የአገሩ ልጆች ገንዘብ ሲሰበሰብ እኔም 400 ፓውንድ ልኬያለሁ። አሮጌው ምን ይደረግ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። እኔም፣ እንጨት ሙያዬ የሆነው ሰውዬ፣ አልጠየቅሁም።

በጥቅምት ሦስት ቀን ዕረፍት ወስጄ ግሪንስቴድ ወዳለችበት ወደ ኤሴክስ የሄድኩት ይህን እያሰብኩ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹን እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ጽፌያቸዋለሁ።

አንደኛ ቀን፣ ዓርብ

በሴንትራል መስመር ባቡር ከስትራትፎርድ ወደ ምሥራቅ ስንጓዝ ከተማው ቀስ በቀስ እየሳሳ ዛፍ ይበዛል። ኤፒንግ ድረስ በአንድ ትኬት መሄድ እችል ነበር፤ ግን ዉድፎርድ ላይ ወረድኩ። በዚህ መስመር የሚያልፍ ሐበሻ ዉድፎርድን ሳያይ ማለፍ ያለበት አይመስለኝም።

በዋናው መንገድ ዳር፣ ዝቅ ያለ አጥር ውስጥ፣ የድንጋይ ቦምብ ቆሟል። ቦምብ ስል ምሳሌ አይደለም፤ ከአውሮፕላን የሚጣለው ዓይነት፣ ክንፉ ወደ ላይ፣ አፍንጫው ወደ ታች፣ ከድንጋይ ተፈልፍሎ በድንጋይ መቆሚያ ላይ የተቀመጠ። ያሠራችው ሲልቪያ ፓንክረስት ናት። ቅርጹን ያወጣው ኤሪክ ቤንፊልድ ይባላል። መጀመሪያ የተመረቀው ጥቅምት 1935 ላይ፣ የኢጣልያ ጦር ወደ አገራችን ከገባ ከጥቂት ቀናት በኋላ ነው። ሰዎች ጉዳት ስላደረሱበት በሐምሌ 1936 እንደገና ተመረቀ። ጽሑፉ በ1932 ቦምብ ጣይ አውሮፕላን የመጠቀምን መብት ለተሟገቱት ሰዎች «መታሰቢያ» ነው ይላል፤ ምስጋና ሳይሆን ክስ ነው። የኛን ገበሬዎች፣ ሴቶችና ሕፃናት ከሰማይ ያቃጠለው አውሮፕላን በዚያ መብት የበረረ ነው።

ሲልቪያ በዉድፎርድ ከ1924 እስከ 1956 ኖራለች። ለኢትዮጵያ የተሟገተችበትን ሳምንታዊ ጋዜጣ ያዘጋጀችው እዚሁ ነው፤ የመጀመሪያው እትም የወጣበት ቀን በፈረንጅ ግንቦት 5 ቀን 1936፣ አዲስ አበባ በጠላት እጅ የወደቀችበት ዕለት ነው። ጋዜጣው ሃያ ዓመት ቆየ። እሷም በ1956 አዲስ አበባ ገባች፣ በ1960 ዐረፈች፣ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ቅጥር ግቢ ተቀበረች። መቃብሯን ልጅ ሆኜ አይቼዋለሁ፤ የኖረችበትን ሰፈር ግን እስከ ዛሬ አላየሁም ነበር። ከቦርሳዬ ያወጣሁትን ውሃ ጠጥቼ ትንሽ ቆሜ ሄድኩ። አውቶቡስ የሚጠብቁ ሰዎች ምን እንደማይ ዞር ብለው አዩኝ።

ከዉድፎርድ ላውተን አምስት ጣቢያ አይሞላም። እዚህ የኤፒንግ ደን ከከተማው ጋር ጎን ለጎን ነው። ደኑ ወደ 2,400 ሄክታር ይሰፋል፤ ቀጭንና ረጅም ሆኖ ከምሥራቅ ለንደን ቤቶች መሐል ተነሥቶ እስከ ኤፒንግ ይዘልቃል። ውስጡ እንደገባሁ ዓይኔን የሳበው የዛፎቹ ቅርጽ ነው። ግንዱ አጭርና ወፍራም፤ ከሰው ቁመት በላይ ሲደርስ ግን በአንድ ጊዜ ወደ ዐሥርና ዐሥራ አምስት ክንድ ይበተናል። በዱሮ ዘመን የአካባቢው ድሃ ለማገዶ ሲመለምለው የኖረ ዛፍ ነው። ከመሬቱ አይቆርጡትም፤ ከብትና አጋዘን ለጋውን እንዳይበላው ከፍ አድርገው አናቱን ይመለምላሉ፣ ከዚያ በዓመታት ውስጥ አዲስ ቅርንጫፍ ያወጣል። ባሕር ዛፍ ከጉቶው እንደሚያቆጠቁጠው ማለት ነው፤ ልዩነቱ የዚህ ጉቶ ከሰው ራስ በላይ መሆኑ።

ይህ የመመልመል መብት ያለ ትግል አልተጠበቀም። በ1860ዎቹ ባለመሬቱ ደኑን ሊያጥር ሲነሣ ቶማስ ዊሊንጌል የሚባል የላውተን ሠራተኛና ቤተሰቡ እንደ አባቶቻቸው ልማድ መመልመላቸውን አላቆሙም። በ1866 ከቤተሰቡ የታሰሩ አሉ። ክርክሩ ረዝሞ በ1878 ደኑ በሕግ ተጠበቀ፤ እስከ ዛሬም የሚያስተዳድረው የለንደን ሲቲ ኮርፖሬሽን ነው። ሕዝቡ መመልመሉን ሲያቆም ለካሣ የተከፈለው ገንዘብ ላውተን ውስጥ የሕዝብ አዳራሽ ተሠራበት፤ ስሙም የመልማዮች አዳራሽ እንደማለት ነው። መጥረቢያ የያዘ ድሃ ደን ያድናል ቢሉኝ አላምንም ነበር። ዛፉን ስለሚያውቀው፣ ነገም ስለሚፈልገው፣ ሳይገድለው ይቆርጠዋል።

የጥቅምት ቅጠል እንደ መዳብ ሆኗል። እየረገጥኩት እስከ ኤፒንግ በእግሬ ሄድኩና እዚያው አደርኩ።

ሁለተኛ ቀን፣ ቅዳሜ

ከኤፒንግ የሚነሣው የእግር መንገድ የኤሴክስ መንገድ ይባላል፤ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ሃሪች የባሕር ወደብ ላይ ያበቃል። እኔ የምፈልገው የመጀመሪያውን ዐሥር ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ተነሣሁ፤ ጭጋግ ነበር።

መንገዱ ጀርነን ቡሽስ በሚባል አሮጌ ደን ውስጥ ያልፋል። እዚህም የተመለመሉ ሆርንቢም ዛፎች አሉ፤ እንጨታቸው ጠንካራ ስለሆነ ለወፍጮ ጥርስና ለመዶሻ ይፈለግ ነበር። ከደኑ ሲወጡ ኤም 11 የሚባለው አውራ ጎዳና እየጮኸ ይቀበላል፤ በድልድይ ተሻገርኩት። ከዚያ በኋላ ሜዳና የዛፍ አጥር ነው። በዚህ አካባቢ ኦንጋር ግሬት ፓርክ የሚባል የአጋዘን ክልል ነበር፤ በ1045 በአንድ ሰው ኑዛዜ ላይ ስለተጠቀሰ በእንግሊዝ በጽሑፍ ከታወቁት ሁሉ ቀዳሚው ነው ይባላል። ስለዚህ የግሪንስቴድን ቤተ ክርስቲያን የሠሩት ሰዎች እንጨት ፍለጋ ሩቅ መሄድ አላስፈለጋቸውም። የቦታው ስም ራሱ በጥንታዊ እንግሊዝኛ «አረንጓዴ ሥፍራ» ማለት ነው።

ቱት ሂል የምትባለውን መንደር አልፌ ቁልቁል ስወርድ ከዛፎቹ በላይ መጀመሪያ የታየኝ ነጭ ማማ ነው። በሳንቃ የተለበጠ፣ ሹል አናት ያለው። ደስ ቢለኝም ትንሽ ከፋኝ፤ የጠበቅሁት ይህ አልነበረም። ማማው በኋላ የተጨመረ ነው፤ ከደወሎቹ አንዱ ላይ 1618 የሚል ዓመት አለ። ጥቂት እርምጃ ስጠጋ ግን ከማማው ቀጥሎ ግድግዳው ታየኝ፣ እና ቆምኩ።

ግንድ ነው። ግራጫ ሆኖ፣ ተሰነጣጥቆ፣ ጎን ለጎን በቁሙ የተሰለፈ ግንድ። እያንዳንዱ ለሁለት የተከፈለ የኦክ ዛፍ ነው፤ ክቡ ጀርባው ወደ ውጭ፣ የተሰነጠቀው ፊቱ ወደ ውስጥ። ከውጭ ሲያዩት የዛፍ ጀርባ ነው የሚያዩት። እጄን አሳረፍኩ። ቀዝቃዛ ነው፣ እንደ ድንጋይ ጠጥሯል፣ ግን እንጨትነቱ ይታወቃል፤ ድንጋይ መዳፍን እንዲህ አይመልስም። በስንዝር ለካሁት። አንዱ ስንዝር ከአራት ጣት፣ ሌላው ስንዝር ተኩል፤ ያገኙትን ዛፍ ነው የተጠቀሙት። ከመጀመሪያው ሥራ 51 ግንዶች ተርፈዋል።

ኦክ የሚለውን ቃል መጻፌን ይቅር በሉኝ፤ በአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ አብርሃም እንግዶቹን የተቀበለበት የመምሬ ዛፍ «የአድባር ዛፍ» ተብሏል። ተርጓሚዎቻችን ለዚህ ዛፍ ያገኙለት ስም አድባር ነው። ከዚህ ግድግዳ ፊት ቆሜ የተሻለ ስም አልመጣልኝም።

አሁን ስለ ዕድሜዋ። ለረጅም ጊዜ ይህች ቤተ ክርስቲያን የዘጠነኛው መቶ ዘመን ናት ይባል ነበር፤ ቀደም ብሎ በተደረገ የዛፍ ቀለበት ጥናት 845 የሚል ዓመት ተሰጥቷት ነበርና። ዛፍ በየዓመቱ አንድ ቀለበት ይጨምራል፤ በተስማማው ዓመት ሰፊ፣ በተቸገረው ዓመት ጠባብ። የአንድ አገር ዛፎች የሰፊና የጠባቡን ተራ ይጋሩታል፣ ስለዚህ አሮጌ እንጨት ዕድሜው ከሚታወቅ እንጨት ጋር ሊነጻጸር ይችላል። በ1995 እንደገና ሲጠና የተነበበው የመጨረሻ ቀለበት 1053 ሆነ። ከዚያ በኋላ የነበረው ለስላሳው የውጭ እንጨት ስላልተሟላ ከ10 እስከ 55 ዓመት ይጨመርበታል። ዛፎቹ የተቆረጡት እንግዲህ ከ1063 እስከ 1108 ባለው ጊዜ ነው። ሁለት መቶ ዓመት ተቀነሰባት ማለት ነው፤ ያም ሆኖ በዓለም ላይ ቆመው ካሉት የእንጨት አብያተ ክርስቲያናት ሁሉ ጥንታዊዋ እንደሆነች ይነገራል። በእኛ ታሪክ ሲታሰብ ንጉሥ ላሊበላ ከመንገሡ ወደ አንድ መቶ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ነው።

በዚህ ላይ የቅዱስ ኤድመንድ ታሪክ አለ። ኤድመንድ የምሥራቅ አንግሊያ ንጉሥ ነበር፤ በ869 ከዴንማርክ የመጡ ወራሪዎች፣ ዴኖች፣ ገደሉት። በገድሉ እንደሚነገረው በቀስት ነድፈው፣ ራሱን ቆርጠው ጫካ ውስጥ ጣሉት፤ ራሱንም ተኩላ ሲጠብቅ ተገኘ። ዐፅሙ ከዴኖች ሸሽቶ ለንደን ከቆየ በኋላ በ1013 ወደ መቃብሩ ከተማ ወደ ቤሪ ሲመለስ በዚህች ቤተ ክርስቲያን ዐረፈ ይባላል። አንድ የመካከለኛው ዘመን ጽሑፍም በአቅራቢያው ባለችው በኦንጋር ከተማ አጠገብ ስላለች የእንጨት ጸሎት ቤት ይናገራል። ታዲያ ግንዱ የተቆረጠው ከ1063 በኋላ ከሆነ፣ በ1013 የቆመው ግድግዳ ይህ ሊሆን አይችልም። አንዳንድ ጎብኚ ይህን ሲሰማ ቅር ይለዋል። እኔን አላስከፋኝም። በ1960 በተደረገው ቁፋሮ ከመቅደሱ ወለል ሥር ከዚህ የቀደሙ የሁለት የእንጨት ሕንፃዎች አሻራ ተገኝቷል። ቅዱሱ ያረፈው ከቀደሙት በአንዱ ከሆነ፣ አሮጌው ሲያረጅ ሰዎቹ እዚያው ቦታ ላይ እንደገና በእንጨት ሠሩ ማለት ነው። የኛም አባቶች ይህን ነበር የሚያደርጉት፤ ታቦቱ አይነቃነቅም፣ ቋሚው ይለወጣል።

ወደ ውስጥ ገባሁ። ጨለማ ነው፤ ዓይን እስኪለምድ ትንሽ ይወስዳል። ብርሃኑ የሚገባው በኋላ ዘመን ጣራው ላይ በተከፈቱት ትንንሽ መስኮቶች ነው፤ ግድግዳው ሲሠራ እንዲህ ያለ መስኮት አልነበረውም። የግንዶቹ የውስጥ ፊት ጠፍጣፋ ነው። በመጋዝ አልተሰነጠቀም፤ የጠራቢው ምት አንድ በአንድ ይታያል፤ ትንንሽ ጎድጓዳ፣ ልክ ውሃ በነፋስ ሲሸበሸብ እንደሚመስለው። ጎን ለጎን ግንዶቹ እንዴት እንደተያያዙ ለማየት ተንበረከክሁ። ሁለቱም ጠርዝ ላይ በመሮ ቦይ ወጥቷል፣ በመሐል ቀጭን የኦክ ልሳን ገብቷል። ነፋስ እንዳይገባ። እኔ ዛሬ በማሽን የማወጣውን ይህን የወንዴና ሴቴ መጋጠሚያ፣ እነሱ በእጅ ከሰው ቁመት የሚረዝም ግንድ ላይ አውጥተውታል። ቀጥ ያለም አይደለም፤ ግንዱ ሲጎብጥ ቦዩም አብሮት ጎብጧል።

ሌላ ደግሞ ያየሁት አለ፤ ከሁሉ በላይ ያሰብኩበትም እሱ ነው። ግንዶቹ መሬት አይነኩም። ከታች የጡብ መሠረት አለ፣ በላዩ አግዳሚ እንጨት፣ ግንዶቹ በእሱ ላይ። በ1848 በተደረገው ትልቅ ጥገና የተሠራ ነው። የግንዶቹ እግር በእርጥበት በስብሶ ስለነበር የበሰበሰውን ቆርጠው፣ ከፍ አድርገው አስቀመጧቸው። ግድግዳው በዚያ ልክ አጠረ። ግን ቀረ።

እንጨት ውሃ የሚጠጣው በእግሩ ነው። ጎኑን ዝናብ ቢመታው ይደርቃል፣ ጣራ ካለው ደግሞ ከነጭራሹ አይርስም፤ የተቆረጠው ጫፉ መሬት ላይ ከዋለ ግን እንደ ክር ውሃ ይስባል። የእናቴ አገር ቤተ ክርስቲያን ቋሚዎችም ያረጁት በእግራቸው ብቻ ነበር። እርጥበትና ምስጥ ከታች አንድ ክንድ ያህል በልቷቸዋል፤ ከዚያ በላይ ያለው ጽድ ሚስማር የማያስገባ እንደነበር አስታውሳለሁ። «አርጅቷል፣ ሊወድቅ ነው» ሲባል ሁላችንም አመንን። አንድ ክንድ ቆርጦ ድንጋይ ላይ ማስቀመጥ ማንም አልታየውም። የዚህ አገር ሰው በ1848 ያደረገውን እኔ ሙያውን እያወቅሁ አላሰብሁትም።

በዐሥራ አንድ ሰዓት ዘግተው ወጡ፤ እኔም ወደ ኦንጋር አቀናሁ። ቀጥ ያለ መንገድ ነው፣ ሃያ አምስት ደቂቃ።

ማታ ለእናቴ ደወልኩ። የላክሁላትን ፎቶ የእህቴ ልጅ አሳይቷታል።

«የጥንቱን ቤተ ክርስቲያናችንን ይመስላል» አለች ወዲያው። «ጭቃው ቢመረግበት እሱን ነው።»

«እኔም እሱን አስቤ ነው የደወልኩት፣ እማዬ። ያ ሁሉ ጽድ የት ደረሰ?»

ዝም አለች። «ለምረቃው ድግስ ነደደ እንጂ። ወጡን የሠራነው በእሱ ነው። አቤት ሽታው! የዕጣን ያህል ነበር። ሴቶቹ ሁሉ ሲያለቅሱ ጢሱ ነው አልን።»

«ሁሉም ነደደ?»

«ኧረ ሁሉም አይደለም። አንድ አስቀርቻለሁ። ለበረቱ በር መቃን አድርጌዋለሁ፤ አንተ የመጣህ ጊዜ አላየኸውም?»

አላየሁትም። ሁለት ጊዜ አገር ቤት ገብቼ በዚያ በር አልፌያለሁ።

ሦስተኛ ቀን፣ እሑድ

ለጸሎት ተመልሼ ግሪንስቴድ ሄድኩ። ቤተ ክርስቲያኗ በሐዋርያው እንድርያስ ስም የተሰየመች ናት፤ እኛ ታኅሣሥ 4 የምናስበው ነው። ሰዉ ጥቂት ነበር፣ አብዛኛው በዕድሜ የገፋ። የኋላው ወንበር ላይ፣ ግድግዳው ጥግ ተቀመጥኩ። መዝሙሩ ሲጀመር እንጨቱ ድምፅ ሲመልስ ሰማሁ። ድንጋይ ድምፅን ይወረውረዋል፤ እንጨት ያቀፈዋል። ቋንቋውና ሥርዓቱ የእኔ አይደለም፣ ግን አንገቴን ደፍቼ አባታችን ሆይን በአማርኛ ደገምኩ፤ እነሱም ያን ጊዜ በየልባቸው እየደገሙ ነበር።

ከጸሎቱ በኋላ አንዲት እናት አስጎበኙኝ። የመቅደሱ ግድግዳ የቱዶር ዘመን ጡብ ነው፣ ወደ 1500 ገደማ የተሠራ፤ ከሥሩ ግን የኖርማኖቹ የባልጩት ድንጋይ አለ። በሰሜን ግድግዳ ያለችውን ትንሽ ቀዳዳ አሳዩኝ። ለምጽ የያዛቸው ሰዎች ከውጭ ቆመው ቅዳሴውን ይከታተሉባት ነበር ይባላል፤ ሌሎች ደግሞ የጸበል ማስቀመጫ ሳትሆን አትቀርም ይላሉ። እሳቸው የመጀመሪያውን እንደሚወዱት ነገሩኝ። እኔም የመጀመሪያውን ወደድኩ። ደጃፉ አጠገብ የመስቀል ጦረኛ መቃብር የሚባል የ12ኛው መቶ ዘመን ድንጋይ አለ።

ከሁሉ የገረመኝ ግን የ1839ኙ ሠርግ ነው። በ1834 ዶርሴት ውስጥ ቶልፑድል በምትባል መንደር ስድስት የእርሻ ሠራተኞች ደመወዛቸው እየተቀነሰ ሲሄድ ማኅበር አቋቋሙ፤ ሲያቋቁሙ የምስጢር መሐላ ገብታችኋል ተብለው የሰባት ዓመት ግዞት ተፈርዶባቸው ወደ አውስትራሊያ ተጋዙ። ሕዝቡ በአደባባይ ሰልፍና በፊርማ ስለጮኸላቸው በ1836 ምሕረት ተደረገላቸው። ሲመለሱ የተሰበሰበው መዋጮ ለአምስቱ በዚህ አካባቢ የእርሻ ኪራይ ሆናቸው። ጆርጅ ላቭለስ በግሪንስቴድ አረሰ። ከመካከላቸው ወጣት የነበረው ጄምስ ብራይን የግዞት ባልንጀራውን የቶማስ ስታንድፊልድን ልጅ ኤልሳቤጥን ያገባው በዚህች ቤተ ክርስቲያን ነው። የአካባቢው ባለሀብትና ቄሱም አልወደዷቸውም፤ በኋላ አብዛኞቹ ወደ ካናዳ ተሰደዱ። በመሐላ ምክንያት የተጋዙ ሰዎች በእነዚህ ግንዶች ፊት የጋብቻ መሐላ ገቡ። ይህ የሆነው የግንዶቹ እግር ከመጠገኑ ዘጠኝ ዓመት ቀደም ብሎ ነው፤ ሙሽሮቹ የቆሙት በበሰበሰ እግር ከቆመ ግድግዳ መሐል ነበር ማለት ነው።

እኚያ እናት ምን ሙያ እንዳለኝ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ጥቂት አሰቡና ወደ ውጭ ይዘውኝ ወጥተው በደቡቡ ግድግዳ አንድ ግንድ ላይ እጃቸውን አሳረፉ፤ በየዓመቱ በፀደይ እየዞሩ እንደሚያዩት፣ እግሩ ሥር ቅጠል ከተከመረ በእጃቸው እንደሚጠርጉት ነገሩኝ። የበሰበሰ ቅጠል እርጥበት ይይዛላ። እዚያው ጎንበስ ብለን አብረን ጠረግን። የጥቅምት ቅጠል ብዙ ነበር።

ከኦንጋር ወደ ኤፒንግ የተመለስኩት በአውቶቡስ ነው። ዱሮ ባቡር ነበር፤ መስመሩ በ1865 ተከፍቶ፣ በኋላ የለንደን የምድር ባቡር ሆኖ፣ ተሳፋሪ ስላነሰ በ1994 ተዘጋ። የለንደን ምድር ባቡር ርቀት ግን እስከ ዛሬ የሚለካው ከኦንጋር ተነሥቶ ነው አሉኝ፤ ዜሮው እዚያ ቀርቷል።

ኤፒንግ ላይ ባቡር ስጠብቅ የእህቴ ልጅ ፎቶ ላከልኝ። የበረቱ በር። በግራ በኩል ባሕር ዛፍ ነው፣ በቀኝ በኩል ግን እሱ ነው፦ ለሁለት የተሰነጠቀ ጽድ፣ ክቡ ጀርባው ወደ ውጭ። በላዩ የጠራቢው ምት ይታያል። ላሞቹ እየታከኩበት አንድ ጎኑ ለስልሷል። ፎቶውን በጣቶቼ አሰፋሁት፣ ወደ ታች አወረድኩት። እግሩ መሬት ውስጥ ነው። ከመሬቱ በላይ አንድ ጋት ያህል የምስጥ አፈር ተለጥፎበታል።

ደወልኩለት።

«ጋሼ፣ ደረሰህ?»

«ደረሰኝ። ስማኝ፣ ነገ ከብቱን ካሰማራህ በኋላ ያንን መቃን ንቀለው። ቀስ ብለህ፣ በዲጂኖ እንዳትመታው፣ ዙሪያውን ቆፍረህ አውጣው።»

«እሺ። ከዚያስ?»

«የበሰበሰውን በመጋዝ ቁረጥና ደረቁ ላይ ስትደርስ አቁም። ከሥሩ ጠፍጣፋ ድንጋይ አድርግ፤ ከመሬት ከፍ ይበል፣ ውሃ እንዳይቋጥር። እላዩ ላይ አቁመው።»

«ያጥራል እኮ፣ ጋሼ። በሩ አይገጥምም።»

«በሩን እናሳጥረዋለን» አልኩት። «አሁን ሄደህ ለካና ስንት ስንዝር እንደበሰበሰ ንገረኝ።»

ስልኩን ሳይዘጋ ወጣ። እርምጃውንና የላሞቹን ትንፋሽ እሰማለሁ። ባቡሩ መጥቶ በሩን ከፈተ፤ ልቆይ ብዬ አሳለፍኩት።